ልጆችን ከግጥም ጋር ማላመድ፦ ከጆሮ እስከ ደብተር

ልጅ ግጥምን መጀመሪያ የሚይዘው በድምፁ ነው፤ ትርጉሙ ቀስ ብሎ ይከተላል። ስለዚህ ወረቀቱን ከማሳየትዎ በፊት ያሰሙት። «ምን ተረዳህ? ምን ተማርክበት?» የሚለው ጥያቄ ከቀደመ ግጥሙ ፈተና ይሆንበታል።

ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ 4 ወይም 6 ስንኝ ይበቃል። ከ7 ዓመት በላይ ላለው እስከ 12 መሄድ ይቻላል። ስንኙ አጭር፣ ቤቱ (የስንኞቹ መጨረሻ ተመሳሳይ ድምፅ) ቶሎ ቶሎ የሚመታ፣ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ያለበት ይሁን። ለልጆች ከሚጻፈው ብዙው «ታዘዝ፣ አጥና፣ ጎበዝ ሁን» የሚል ምክር ነው፤ ይህን አያብዙበት። የሚያስቅ፣ ትንሽ የሚያስፈራ፣ የሚያሳዝንም ይስማ።

ለልጁ ከማንበብዎ በፊት ለብቻዎ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ያንብቡት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም፦ «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ነው፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ካነበቡት ስንኙ ትርጉም ያጣል። ሌላው የተለመደ ስህተት፣ ሐሳቡ ወደ ቀጣዩ ስንኝ እያለፈም በየስንኙ መጨረሻ ድምፅን ጥሎ መቆም ነው። አነባበቡ አንድ ወጥ ዜማ ይሆንና ልጁ ቃሉን መስማት ያቆማል።

አንዱን ግጥም ለአንድ ሳምንት ያቆዩት፤ በቀን ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ብቻ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይስማ። በማግስቱ በጭብጨባ ያጅብዎት። በሦስተኛው ቀን የስንኙን የመጨረሻ ቃል ይተዉለትና እሱ ይሙላው። ለምሳሌ፦

ዝናብ መጣ ጠብ ጠብ አለ
ድመታችን ተጠለለ

«ድመታችን…» ብለው ሲያቆሙ ልጁ «ተንከባለለ» ሊል ይችላል። ቤቱ መቷል፤ ነገር ግን ሲያጨበጭብ አንድ ምት ይተርፈዋል። ስህተት ነው አይበሉት። እንደገና አብራችሁ አጨብጭቡ፤ ጆሮው ራሱ ያርመዋል። «ዘለለ» ካለም አንድ ምት ይጎድላል። «ተቻኮለ» ግን ልክ ይገባል። ምጣኔ የሚባለውን ነገር (የስንኞች ምት እኩል መሆኑን) ስሙን ሳይሰማ የሚያውቀው በዚህ ጨዋታ ነው።

እዚህ ላይ ፊደል አያስቆጥሩ። «ድመታችን» 5 ፊደል ቢኖረውም ሲነገር 4 ቀለም (በአንድ ምት የሚነገር ድምፅ) ነው፤ «ቤት» ደግሞ ሁለት ፊደል፣ አንድ ቀለም። ሳድስ ፊደል (እንደ «ት»፣ «ን» ያለው ስድስተኛው) ብዙ ጊዜ ከሱ በፊት ካለው ጋር ተጣብቆ ስለሚነገር፣ በጣት ፊደል የቆጠረ ልጅ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ከ9 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ የወል ቤት ይለፉ፤ ስንኙ 12 ቀለም ሆኖ መሐሉ ላይ 6 በ6 ይከፈላል፦

ማታ ከደጃችን ጨረቃዋ ወጣች
የጨለመውን ቤት በብርሃኗ ሞላች

ልጁ በመጀመሪያው ሐረግ (የስንኙ ግማሽ) አንድ እርምጃ ወደፊት፣ በሁለተኛው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይራመድ። ክፍፍሉን በእግሩ ያገኘ ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ምስል ለመፍጠር እንቆቅልሽ ጥሩ በር ነው። በቤት ውስጥ ያለ አንድ ዕቃ ይምረጥና ስሙን ሳይጠራ በ3 ስንኝ ይግለጸው፤ እርስዎ ይገምቱ። «ትልቅ ነው፣ ቆንጆ ነው» ካለ ምንም አይገመትም። «ሲነካ ምን ይመስላል? ማታ ምን ድምፅ ያወጣል?» ብለው ይጠይቁት።

ወደ መጻፍ ሲደርስ፣ ትንሹ ልጅ ይናገር፣ እርስዎ ይጻፉ። ቃሉን አያሳምሩለት፤ ትንፋሽ በወሰደበት ቦታ ስንኙን ይቁረጡ። ቤት ምታ ብለው አያስገድዱት፤ ቤት ፍለጋ ብቻ የያዘ ልጅ ሊል የፈለገውን ይረሳል። ቤት መምታት ራሱ ከፈለገ አንድ ችግር ይጠብቁ። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚውል «በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተኛሁ» እያለ ሁሉንም በ«ሁ» ይዘጋል። ይመታል፣ ግን ይሰለቻል። መድኃኒቱ ግሱን ወደ ፊት ማምጣት ነው፦ «አልጋዬ ላይ ተኛሁ» የሚለው «ተኛሁ አልጋዬ ላይ» ይሁን። አሁን ቤት የሚፈለገው ለ«ላይ» ነው፤ «ሰማይ»፣ «ፀሐይ» ወዲያው ይመጣሉ። ግጥም የቃል ቅደም ተከተልን ለማዛወር ፈቃድ እንዳለው ልጆች ሲያውቁ ደስታቸው ይታያል።

በቃል መያዝ ከመደጋገሙ ይመጣል፤ የቤት ሥራ አድርገው አይስጡት። እንግዳ ፊት «በል አንብብ» ማለትም ይቅር፣ እሱ ራሱ ካልጠየቀ በቀር። ይልቅ በስልክ ድምፁን ይቅዱለትና መልሶ ይስማ፤ ብዙ ልጆች ሲሰሙት ሳይነገራቸው እንደገና መቀዳት ይፈልጋሉ። የወደዳቸውን ግጥሞች የሚገለብጥበት አንድ ደብተር ይስጡት። ምርጫው የእሱ ብቻ ይሁን፤ በግራ ገጽ ግጥሙ፣ በቀኝ ገጽ ሥዕሉ።