የመኖሪያ መንደር ፕላን ግምገማ፦ ድሬዳዋ ላይ ከውሃው መንገድ ይጀመር

ፕላኑ ከመገለጡ በፊት ቦታው በእግር ይታይ። ድሬዳዋ ላይ ዓመቱን አብዛኛውን ደርቆ የሚከርም አሸዋ፣ ደንገጎ በኩል ተራራው ላይ ዝናብ ሲጥል ድንገት ወንዝ ይሆናል፤ ከተማው ውስጥ ጠብታ ባይወርድም እንኳ። በሐምሌ 1998 ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል። ጎርፍ ዛፍ ላይ ያንጠለጠለው ቆሻሻ ወይም ዳርቻውን የፋቀበት ምልክት ካለ ከፍታው በሜትር ይለካ፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ይጠየቁ።

ከዚያ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በመስመር የሚያሳየው የኮንቱር ካርታ ይታይ። በሁለት ተከታታይ መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1 ሜትር አይብለጥ፣ ላይኛውን ተፋሰስም ያካትት። ብዙ ካርታ ይዞታው ወሰን ላይ ይቆማል፤ ጎርፉ የሚመጣው ግን ከወሰኑ ውጭ ነው። መንገድ ስር የሚቀበር ጠባብ ቱቦ አይፈቀድ፤ ጎርፉ ድንጋይና አሸዋ ስለሚያመጣ ይደፈናል፣ ውሃውም አስፋልቱን ተሻግሮ ቤት ይገባል። ሰው ገብቶ የሚጠርገው የሳጥን ካልቨርት፣ ማለትም መንገድ ስር የሚሠራ ባለ አራት ማዕዘን ሰፊ የውሃ ማሳለፊያ፣ ይሻላል።

የቦታውን አቀማመጥ የሚያሳዩት ቁጥሮች (ኮኦርዲኔት) የተሰሉት በአዲንዳን ነው ወይስ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊው ጂ ኤስ 84? ሁለቱም የቦታ መለኪያ መነሻ ሥርዓቶች ናቸው። ሁለቱ ከተምታቱ ወሰኑ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ የይዞታው ሁለት ማዕዘኖች ቦታው ድረስ ተሂዶ ይፈተሹ።

ፍሳሽ ቀላል አይደለም። ከተማዋ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ስለሆነ ወለሉ ያልተደፈነ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውድቅ ይሁን፤ መምጠጫ መኪና የሚደርስበት መንገድም ይታይ።

ፈቃዱ በምዕራፍ ይሰጥ፦ የጎርፍ መውረጃው ተሠርቶ ሳይለካ የቤት ግንባታ አይጀመር። ቅድመ ሁኔታው በደብዳቤም፣ በማኅተም በታተመው ፕላን ላይም ይጻፍ።