ፓይተን «ሞጁሉን አላገኘሁም» ሲል ምን ይደረጋል?

የፓይተን መጫኛ ፕሮግራም የሆነው ፒፕ ፓኬጁን (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ኮድ) በትክክል ጭኖልዎት ኮዱን ሲያስነሱ «ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር» ከመጣ፣ ደጋግሞ መጫን አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ የለውም። ፓኬጁ ኮምፒውተሩ ላይ አለ፤ የተጫነው ግን ብዙውን ጊዜ ለሌላ ፓይተን ነው። ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የመጣው ፓይተን፣ እርስዎ ያወረዱት፣ ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ተለይቶ የተከፈተው (ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት የሚባለው)፦ ሁሉም ፓኬጆቹን በየራሱ ፎልደር ነው የሚያስቀምጠው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ኮድዎን የሚያስኬደው የትኛው ፓይተን እንደሆነ ይወቁ። በፋይሉ አናት ላይ «ሲስ» የሚባለውን ሞጁል ኢምፖርት አድርገው «ሲስ.ኤግዚኪዩተብል»ን ፕሪንት ያድርጉ። የሚወጣውን ሙሉ አድራሻ ገልብጠው ተርሚናል ላይ ያስቀምጡና ከኋላው «-ኤም ፒፕ ኢንስቶል» እና የፓኬጁን ስም ይጻፉ። አድራሻው ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ በትእምርተ ጥቅስ ይክበቡት፤ የዊንዶውስ ተርሚናል በሆነው ፓወርሼል ላይ ደግሞ ከፊቱ & ይጨምሩ። እንዲህ ከተጫነ ሌላ ፓይተን ጋ የሚሄድበት መንገድ የለም። ኮድን በየክፍሉ በሚያስኬዱበት ጁፒተር ላይ ከሆኑ «%ፒፕ ኢንስቶል» እና የፓኬጁን ስም ጽፈው ከርነሉን (ኮዱን ከጀርባ የሚያስኬደውን) እንደገና ያስነሱ።

ከሊኑክስ ሲስተሞች አንዱ የሆነው ዴቢያን፣ እትም 12ና ከዚያ በኋላ የወጡት፣ በሲስተሙ ፓይተን ላይ በፒፕ መጫንን ይከለክላሉ። ክልከላውን በኃይል የሚያልፈውን «--ብሬክ-ሲስተም-ፓኬጅስ» ባይነኩት ይሻላል፤ ሲስተሙ ራሱ የሚጠቀምባቸውን ፓኬጆች ሊያበላሽ ይችላል። ይልቅ «ፓይተን3 -ኤም ቪኤንቪ .ቪኤንቪ» ብለው ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ይክፈቱ፣ «ሶርስ .ቪኤንቪ/ቢን/አክቲቬት» ብለው ይግቡ፣ ከዚያ ይጫኑ።

አንዳንዴ ኢምፖርት የሚደረገው ስምና የሚጫነው ስም ይለያያሉ። «ሲቪ2» የሚጫነው በ«ኦፕንሲቪ-ፓይተን» ነው፤ «ፒአይኤል» በ«ፒሎው»፣ «ኤስኬለርን» በ«ሳይኪት-ለርን»። ስሙን በግምት አይጫኑ። ፒፕ ፓኬጆችን በሚያወርድበት ፓይፒአይ ላይ ማንም ሰው ፓኬጅ መስቀል ስለሚችል፣ ከታወቀ ስም ጋር የሚመሳሰል ስም ይዘው አደገኛ ኮድ የሚያስገቡ አሉ። የላይብረሪውን ዶክመንቴሽን አይቶ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጀማሪዎችን በጣም የሚያደክመው ግን የራስ ፋይል ስም ነው። የመለማመጃ ፋይልዎን «ራንደም.ፓይ» ካሉት፣ ፓይተን መጀመሪያ የሚፈልገው ስክሪፕቱ ያለበት ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ከዋናው ራንደም ይልቅ የእርስዎን ይከፍታል። እስከ ፓይተን 3.12 ድረስ ምልክቱ «ፓርሻሊ ኢኒሻላይዝድ ሞጁል» የሚል መልእክት ነው፤ ከ3.13 ጀምሮ ግን መልእክቱ ራሱ የፋይሉን ስም እንዲቀይሩ ይመክራል። «ራንደም.__ፋይል__»ን ፕሪንት ቢያደርጉ የትኛው ፋይል እንደተከፈተ ያያሉ፤ የፋይሉን ስም ሲቀይሩ ይስተካከላል። «ፓርሻሊ ኢኒሻላይዝድ ሞጁል» የሚለው ሁለት ፋይሎች እርስ በርስ ኢምፖርት ሲደራረጉም ይመጣል። ያኔ ሁለቱም የሚፈልጉትን ፈንክሽን ወደ ሦስተኛ ፋይል ያውጡት።

የጠፋው ቀድሞ ከፓይተን ጋር ይመጣ የነበረው «ዲስትዩቲልስ» ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ከፓይተን 3.12 ጀምሮ ተወግዷል። የሚጠቀሙበትን ላይብረሪ ያሳድሱ፤ አዲስ እትም ከሌለው «ሴትአፕቱልስ»ን ቢጭኑ ይመለሳል።

«ኖ ኖውን ፓረንት ፓኬጅ» የሚለው ደግሞ በነጥብ የሚጀምር ኢምፖርት ያለበትን ፋይል በቀጥታ ሲያስነሱ ይመጣል። ከፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ሆነው «ፓይተን -ኤም ፓኬጅ.ፋይል» ብለው ያስነሱት፤ «.ፓይ» አይጨመርበትም።