መቅረጽ ስንጀምር ጌሙ ለምን ይንተባተባል?

ጌሙ ብቻውን ሲሆን ጥሩ ይሄዳል። ኦቢኤስ ስቱዲዮ የተባለውን የስክሪን መቅረጫ ፕሮግራም ከፍተን መቅረጽ ስንጀምር ግን ወይ ጌሙ ይንተባተባል፣ ወይ ቪዲዮው ይቆራረጣል።

ብዙ ሰው ያኔ የሚሮጠው ጌም ቡስተር፣ ማለትም ጌም አፈጥናለሁ የሚል ፕሮግራም ለማውረድ ነው። እንደ ሬዘር ኮርቴክስ ያሉት ዋና ሥራቸው ከጀርባ የተከፈቱ ፕሮግራሞችን መዝጋት ነው። ራማችሁ 4 ወይም 8 ጊጋ ከሆነና ክሮም በታብ ከተጨናነቀ ለውጥ ታያላችሁ። የግራፊክስ ካርዱን አቅም ግን አይጨምሩም። ስለዚህ መጀመሪያ ጫናው የት እንዳለ እንይ። ኦቢኤስ ውስጥ «ስታትስ» የሚል መስኮት አለ፤ እየቀረጻችሁ ክፈቱት።

«ኢንኮዲንግ ላግ» የሚለው ቁጥር ከጨመረ ችግሩ ኢንኮደሩ፣ ማለትም ቪዲዮውን የሚጨምቀው ክፍል ላይ ነው። ኤክስ264 የሚባለው ኢንኮደር ቪዲዮውን የሚጨምቀው በፕሮሰሰሩ ነው፤ ጌሙም የሚሻማው ያንኑ ፕሮሰሰር ነው። «ሴቲንግስ» ገብታችሁ «አውትፑት» ስር ኢንኮደሩን ቀይሩ። ኤንቪዲያ ካርድ ያላችሁ ኤንቬንክን፣ የኢንቴል ግራፊክስ ያላችሁ ክዊክሲንክን ምረጡ። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል ስላላቸው ጌሙን ብዙም አይነኩትም። ይህም ካልበቃ «ቪዲዮ» ስር መጠኑን ወደ 1280 በ720፣ ፍሬሙን (በሰከንድ የሚቀረጸውን ምስል ብዛት) ወደ 30 አውርዱ።

የጨመረው «ሬንደሪንግ ላግ» ከሆነ ግራፊክስ ካርዱ ሞልቷል። ጌሙ ሁሉንም ሲወስድ ለኦቢኤስ የሚተርፍ የለም። የጌሙን ፍሬም 60 ላይ ገድቡት። ኦቢኤስንም «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» በሚለው ክፈቱት።

ላፕቶፕ ላይ ድምፅ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጌሙና ኦቢኤስ በተለያዩ ሁለት ግራፊክሶች ላይ እየሠሩ ነው። በዊንዶውስ «ግራፊክስ ሴቲንግስ» ውስጥ ኦቢኤስን ጨምሩና «ሃይ ፐርፎርማንስ» አድርጉት። ሙሉ ስክሪኑን በ«ዲስፕሌይ ካፕቸር» ለምትቀርጹ ግን የሚሻለው «ፓወር ሴቪንግ» ነው።

ቪዲዮው ጭራሽ አልከፈት ሲልስ? ይህኛው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ሰዓት ሙሉ የተጫወትነውን ቀርጬ ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ። ፋይሉ አለ፤ የሚከፍተው ማጫወቻ ግን አጣሁ። የቀረጽኩት በኤምፒ4 ነበር። ተራ ኤምፒ4 የቪዲዮውን ማውጫ የሚጽፈው ቀረጻው በሥርዓት ሲዘጋ ነው። ድንገት ከተቋረጠ ማውጫው አይጻፍም፣ ማጫወቻውም የቱ ምስል የት እንዳለ አያውቅም። ኤምኬቪ የሚባለው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት ግን እስከተቋረጠበት ድረስ የተቀረጸውን ያቆይላችኋል። መብራት በሚሄድበት ሰፈር ዴስክቶፕ ለምትጠቀሙ ይህ ከሁሉም ይቀድማል፤ ዛሬውኑ «ሪከርዲንግ ፎርማት» የሚለውን ኤምኬቪ አድርጉት። ለማጋራት ኤምፒ4 ካስፈለጋችሁ «ፋይል» ውስጥ ያለው «ሪመክስ ሪከርዲንግስ» ጥራቱን ሳይነካ ይቀይርላችኋል።