ጋና ሄዶ በበጎ ፈቃድ ማገልገል፦ ከውሳኔ እስከ መመለሻ እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄዶ በበጎ ፈቃደኝነት ማገልገል የሚፈልግ ሰው ዝግጅቱን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ትኬትና ከቪዛ ነው፤ ይህ ግን የሥራውን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። በቅድሚያ መታወቅ ያለበት እዚያ ያሉ ሰዎች ራሳቸው የጠየቁት ሥራ ምን እንደሆነና እርስዎ ያንን ሥራ በሚገባ መሥራት የሚችሉ መሆንዎ ነው። ቀኑ፣ ገንዘቡና ጉዞው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ይህ ጽሑፍ ጋናን በምሳሌነት ይዞ ሂደቱን በደረጃ ያስረዳል። ጋና የተመረጠችው የመንግሥት የሥራ ቋንቋዋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አክራ ቀጥታ በረራ በመኖሩና የውጭ በጎ ፈቃደኞችን በመቀበል ረጅም ልምድ ስላላት ነው። የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1961 ያረፉት አክራ ነበር፤ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ማስተማር የጀመሩት በተከታዩ ዓመት ነው።

ደረጃ 1፦ ሥራውን ከትኬቱ በፊት ይምረጡ

ራስዎን በመጀመሪያ የሚጠይቁት ጥያቄ «በአገሬ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የሚያሠሩኝ ሥራ የትኛው ነው?» የሚል ይሁን። ነርስ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ የሳይንስ መምህር፣ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ወይም የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነ ሰው የሚያቀርበው ነገር አለው። ያለ ሙያ ለሁለት ሳምንት የትምህርት ቤት ግድግዳ ሊገነባ የሚሄድ ሰው ግን፣ ልቡ ቅን ቢሆንም፣ ያንኑ ግድግዳ በተሻለ ጥራት ሊሠራ የሚችለውን የአካባቢውን ግንበኛ የዕለት ገቢ ይሻማል። ስለዚህ ያለዎት ጊዜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ከሆነ ለባለሙያዎች ሥልጠና መስጠትን፣ የተበላሸ መሣሪያ መጠገንን ወይም የሒሳብ መዝገብ ማደራጀትን የመሰለ፣ መነሻውና መድረሻው የታወቀ ሥራ ይምረጡ። ክፍል ገብተው ማስተማር ከፈለጉ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሙሉ የትምህርት ወቅት የሚቆዩበትን ጊዜ ያመቻቹ፤ መምህር በየሦስት ሳምንቱ የሚለዋወጥበት ክፍል የሚጎዳው ተማሪዎቹን ነው።

ስለ ሕፃናት ማሳደጊያዎች ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አዲስ በጎ ፈቃደኛ ከሁሉ በፊት የሚቀርብለት ሥራ ይኸው ነው። በጋና ማሳደጊያዎች ከሚኖሩት ልጆች አብዛኞቹ በሕይወት ያለ ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ አላቸው፤ ወደዚያ የሚገቡትም ብዙ ጊዜ ቤተሰባቸው ድሃ በመሆኑ ነው። የሚከፍል ጎብኚ በበዛ ቁጥር ልጆቹን እዚያው ማቆየት ገቢ ያስገኛል፤ ልጆቹም በየወሩ ከሚመጣና ከሚሄድ እንግዳ ጋር እየተላመዱ መለየት ይደጋገምባቸዋል። የጋና የማኅበራዊ ደኅንነት መምሪያ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ልጆችን ወደ ቤተሰብ የመመለስና ማሳደጊያዎችን የመቀነስ ማሻሻያ ሲያካሂድ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ከልጆች ጋር መሥራት የሚወዱ ከሆነ የማሳደጊያ ጥሪዎችን ትተው ልጆቹ ማታ ወደ ቤታቸው የሚገቡበትን ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም ቤተሰብን የሚደግፍ ፕሮግራም ይፈልጉ።

ደረጃ 2፦ የሚቀበልዎትን ድርጅት ይመርምሩ

ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች በጎ ፈቃድ ጓድ ጥሩ በር ነው፤ ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆናቸውን የሠለጠኑ ወጣቶች መልምሎ በሌላ የአፍሪካ አገር ለ12 ወራት ያሠማራል። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራምም በየጊዜው የሥራ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ለተመዳቢዎቹም የኑሮ አበል ይከፍላል። የአሜሪካ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሰላም ጓድ በኩል ማመልከት ይችላሉ፤ መደበኛው አገልግሎት ሥልጠናውን ጨምሮ ሁለት ዓመት ከሩብ ያህል ይወስዳል። ከእነዚህ መንገዶች በአንዱም የማይሄድ ሰው በሙያ ማኅበሩ፣ በዩኒቨርሲቲው ወይም በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አክራ ካለ አቻ ተቋም ጋር መገናኘት ይችላል።

አስተባባሪ ድርጅት ገንዘብ የሚያስከፍል ከሆነ ክፍያው ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ መኝታና ምግብ ወጪ አለውና። ሆኖም ገንዘቡ ለምን ለምን እንደሚውል በዝርዝር ይጠይቁ። ሥራውን የጠየቀው ማን እንደሆነ፣ ከእርስዎ በፊት ማን ይሠራው እንደነበር፣ የጋና ተቆጣጣሪዎ ማን እንደሚሆንና ሲመለሱ ሥራውን ማን እንደሚረከብ በጽሑፍ ይመለስልዎት። ቀደም ሲል ያገለገሉ ሰዎችን ድርጅቱ ባልመረጣቸው በኩል ጭምር ፈልገው ያነጋግሩ። ከወንጀል ነጻ መሆንዎን የሚያሳይ ማስረጃም ሆነ የሙያ ምስክር ወረቀት ሳይጠይቅ ከልጆች ወይም ከሕሙማን ጋር ሊያሠራዎ የተዘጋጀ ድርጅት ካጋጠመዎ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ቢያምርም ይተውት። ለእርስዎ ያልተጠነቀቀው በር ለክፉ ሰውም ክፍት ነው።

ደረጃ 3፦ ሰነዶችን ያዘጋጁ

ፓስፖርትዎ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆኑን ያረጋግጡ። የጋና የቪዛ ደንብ ለአፍሪካውያን ተጓዦች እየቀለለ የመጣ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ዜጎች ሲደርሱ ቪዛ የሚያገኙበት አሠራር ተዘርግቷል። ይሁን እንጂ ደንቡ ስለሚሻሻል ትኬት ከመግዛትዎ በፊት አዲስ አበባ የሚገኘውን ወይም በሚኖሩበት አገር ያለውን የጋና ኤምባሲ ይጠይቁ። ሲጠይቁም ለጉብኝት ሳይሆን ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት እንደሚሄዱ በግልጽ ይናገሩ፤ የተቀባዩን ድርጅት የግብዣ ደብዳቤም ያያይዙ። በዓመት ውስጥ በድምሩ ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ የውጭ ዜጋ የጋና ካርድ የተባለውን መታወቂያ ማውጣት ይጠበቅበታል። ሐኪሞችና ነርሶች ደግሞ በአገራቸው ያገኙት ፈቃድ ብቻውን አያሠራቸውም፤ ጋና ባለው የሙያ ምክር ቤት መመዝገብ ስላለባቸው ይህን ከወራት በፊት መጀመር ይበጃል። በአማርኛ የተጻፉ ማስረጃዎች ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመውና ተረጋግጠው ይያዙ፤ በቅጾች ላይ የሚሞሉት የትውልድ ቀንም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን።

ደረጃ 4፦ ጤናዎን አስቀድመው ይጠብቁ

ወደ ጋና ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት የወሰዱበት ዓለም አቀፍ ካርድ ግዴታ ነው፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት። ሰሜናዊው ጋና እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ ይገኛል፤ በደረቁ ወራት ወደ ታማሌ አካባቢ የሚሄዱ ከሆነ ስለዚህ ክትባትም ሐኪም ያማክሩ።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ወባ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ከተማ ያደገ ሰው ወባን የሚያውቀው በወሬ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጋና ውስጥ ግን በሽታው በአገሩ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል፤ አብዛኛውም በፍጥነት ሊገድል የሚችለው የፋልሲፓረም ዝርያ ነው። «አፍሪካዊ ነኝ፣ ሰውነቴ ይቋቋመዋል» ብለው መከላከያውን የሚተዉ ሰዎች አሉ፤ ይህ እምነት ሕይወት ያሳጣል። በቆላ ያደገ ሰው እንኳ ያገኘው የመቋቋም ኃይል ከአካባቢው ርቆ ሲኖር እየደከመ ይሄዳል። አማራጭ መድኃኒቶቹ ይለያያሉ። ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ተጀምሮ በየቀኑ የሚወሰድ ሲሆን ከተመለሱ በኋላም ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። አቶቫኮን ፕሮጓኒል በተመሳሳይ ጊዜ ይጀመርና ከተመለሱ በኋላ ለ7 ቀን ብቻ ይወሰዳል። በሳምንት አንዴ የሚወሰደው ሜፍሎኩዊን ደግሞ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ላለበት ሰው አይሰጥም። የትኛው እንደሚስማማዎ፣ በተለይ እርጉዝ ከሆኑ ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ሐኪም ይወስን። ከመድኃኒቱ ጋር አጎበር፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትና ለምሽት የሚሆን ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1965 በተጠናቀቀው የአኮሶምቦ ግድብ የተፈጠረው የቮልታ ሐይቅ ውብ ነው፤ ነገር ግን በቢልሃርዝያ ምክንያት አይዋኙበት። የባሕሩ ዳርቻ ሞገድም ጎበዝ ዋናተኛን ይዞ ሊሄድ የሚችል ብርቱ ስለሆነ የአካባቢውን ዓሣ አጥማጆች ሳይጠይቁ አይግቡ። ወደ ሌላ አገር ሆስፒታል የመዛወርን ወጪ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይግዙ።

ደረጃ 5፦ ወቅትና ጓዝ

በደቡብ ጋና ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ዋናው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ አነስተኛው ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ሰሜኑ አንድ የዝናብ ወቅት ብቻ አለው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከሰሃራ የሚነፍሰው ሃርማታን የተባለ ደረቅ ነፋስ አቧራ ስለሚያመጣ አስም ያለበት ሰው ይህን ጊዜ ቢያልፈው ይሻላል። ቀላል የጥጥ ልብስ፣ ለቢሮና ለጸሎት ቤት የሚሆን ጨዋ ልብስ፣ እንዲሁም ባለ ሦስት ጥርስ የእንግሊዝ ዓይነት ሶኬት የሚቀበለው መቀየሪያ ይያዙ። ወታደራዊ መልክ ያለው ዥንጉርጉር ልብስ ለሲቪል ሰው በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ከሻንጣዎ ያውጡት።

ደረጃ 6፦ ገንዘብና መንገድ

የአገሩ ገንዘብ ሲዲ ይባላል። ብርን አክራ ላይ እመነዝራለሁ ብለው አይሂዱ፤ ዶላር ወይም ዩሮ በባንክ በኩል ይያዙ። ስልክ ቁጥር በፓስፖርትዎ ካስመዘገቡ በኋላ «ሞሞ» በሚሉት የሞባይል ገንዘብ ከገበያ እስከ ታክሲ መክፈል ይቻላል። በከተማ ውስጥ ሕዝቡ የሚጓዘው ትሮትሮ በተባሉ ሚኒባሶች ነው፤ ረዳቱ «ሜት» ይባላል፤ የሚሄድበትንም እየጮኸ ይጣራል፤ የአዲስ አበባን ታክሲ የለመደ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። ከአክራ ኩማሲ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ታማሌ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በአውቶቡስ የሚሄዱ ከሆነ በቀን ይጓዙ፤ የሌሊት መንገድ አደጋ ይበዛበታል። ለአስቸኳይ ጊዜ የሚደወለው 112 ነው።

ደረጃ 7፦ ከሰው ጋር መኖር

ወደ አክራ ገበያም ሆነ ወደ ገጠር ቢሮ ሲገቡ ጉዳይዎን ከመናገርዎ በፊት ሰላምታ ያቅርቡ፤ ሰላምታ ሳያቀርቡ መጠየቅ እንደ ንቀት ይቆጠራል። በስብሰባ ላይ ከቀኝ ጀምረው ወደ ግራ እየሄዱ ይጨብጡ። በግራ እጅ መስጠት፣ መቀበልም ሆነ መጠቆም ነውር ነው። በመንደር የሚሠሩ ከሆነ ተቆጣጣሪዎ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ባላባቱ ቤት ወስዶ እንዲያስተዋውቅዎ ይጠይቁ፤ ይዘው የሚገቡትን ስጦታም እርሱ ይነግርዎታል፤ በሰሜን ብዙ ጊዜ የኮላ ፍሬ ነው። ከጋና ብሔረሰቦች አንዱ በሆኑት በአካኖች ዘንድ ሰው በተወለደበት ዕለት ስም ይጠራል። ኩዋሜ ንክሩማ ቅዳሜ፣ ኮፊ አናን ዓርብ የተወለዱ ናቸው። እርስዎም የተወለዱበትን ዕለት መጠየቅዎ ስለማይቀር፣ ብዙዎቻችን ቀኑን በታቦት እንጂ በዕለት ስለማናስታውሰው፣ ከመሄድዎ በፊት አስልተው ይያዙት።

ምግብ ለኢትዮጵያዊ አይከብድም፤ በእጅ ከጋራ ሳህን መብላት የተለመደ ነው። ለጾመኛ ሩዝና ባቄላ አብሮ የሚቀቀልበት ዋቼ፣ እንዲሁም ፕላንቴን ከተባለ የተጠበሰ የሙዝ ዓይነት ጋር በዘንባባ ዘይት የሚቀርበው የባቄላ ወጥ ይስማማል። ዋቼ ግን ከእንቁላልና ከሥጋ ጋር ስለሚሸጥ አስቀድመው ይናገሩ፤ ሺቶ የሚባለው ጥቁር በርበሬ ማባያም በውስጡ ዓሣ አለበት። ሰው ሲሞት ቀብርና ለቅሶ በአብዛኛው በሳምንቱ መጨረሻ በታላቅ ሥርዓት ይከናወናል፤ የሥራ ባልደረባዎ ቢጠራዎ ጥቁር ወይም ቀይ ለብሰው ይሂዱ። ይህን ጥሪ የተቀበለ በጎ ፈቃደኛ በሥራውም የሚያምነው ሰው ያገኛል።

በዕረፍት ቀናት ኬፕ ኮስትንና ኤልሚናን ይጎብኙ። የኤልሚና ግንብ እ.ኤ.አ. በ1482 በፖርቱጋሎች የተሠራ ሲሆን በኋላ በባርነት የተሸጡ ሰዎች በመርከብ እስኪጫኑ የሚታጎሩበት ሆነ። የዘር ሐረጋቸውን ፍለጋ የሚመጡ የአሜሪካና የካሪቢያን ጥቁሮች በዚያ ሲያለቅሱ ያያሉ፤ ፎቶ ማንሳትዎን ትተው ቦታ ይስጧቸው።

ደረጃ 8፦ ማስረከብና መመለስ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራውን ለማሻሻል አይቸኩሉ፤ ነባሩ አሠራር ለምን እንደተመረጠ የሚያውቁት እዚያ የነበሩት ናቸው። የሚተካዎ ሰው ሥራውን ብቻውን እንዲሠራ ከመመለስዎ አንድ ወር ቀደም ብለው ይልቀቁለት፤ መመሪያዎችንና የይለፍ ቃሎችን በጽሑፍ ያስረክቡ። መሣሪያ የሚያበረክቱ ከሆነ መለዋወጫው በአክራ ወይም በኩማሲ ገበያ መገኘቱን ያረጋግጡ። ያልተፈቀደልዎትን የልጆች ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ አያሰራጩ፤ ከተመለሱ በኋላ ሊልኩ የማይችሉትን ስጦታና ገንዘብም ቃል አይግቡ።

አገርዎ ከገቡ በኋላ የወባ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ቀን ይውሰዱ። በተመለሱባቸው ወራት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ብርቱ ራስ ምታት ቢሰማዎ በዚያኑ ዕለት የደም ምርመራ ያድርጉ፤ ሐኪሙ ባይጠይቅዎም ጋና ቆይተው እንደተመለሱ ይንገሩት።