ከብት ባለበት ቤት ዓይን ሲቀላ የሚሠሩ ስህተቶች

ከእንስሳት ወደ ሰው ዓይን የሚገባ ትል ብርቅ ነው። ወሎ ውስጥ ዓይኑ የቀላ ሰው ትራኮማ የመሆን ዕድሉ በብዙ ይበልጣል። ትሉ ሲያጋጥም ግን ነገሩን የምናባብሰው እኛው ነን።

«ኮሶው ወደ ዓይኔ ወጣ» የሚል ሰው አይጠፋም። አይወጣም! ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ ኑሮው አንጀት ውስጥ ነው።

ዝንብ መናቅ ሌላው ነው። ላም ስታልቡ ዓይኗን ልብ በሉ፤ ዝንቡ ጥጉ ላይ ተኮልኩሎ እንባዋን ይመጥጣል። ቴላዚያ የሚባለው ትል መንገዱ ይኸው ነው። ዝንቡ የትሉን እጭ፣ ማለትም ገና ያላደገውን ትል፣ ከእንባው ጋር ይውጠዋል። እጩ እዚያው ዝንቡ ውስጥ ያድግና ዝንቡ ሌላ ዓይን ላይ ሲያርፍ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአንዲት የ26 ዓመት አሜሪካዊት ዓይን 14 ትል ወጥቷል፤ የከብት ዓይን ትል ነበር። ስለዚህ የሕፃን ፊት ቶሎ ቶሎ ይታጠብ።

ነጭ ክር የመሰለ ነገር ሲንቀሳቀስ ካያችሁ በወረንጦ አትጎርጉሩ። ብሌኑን ትቧጥጣላችሁ። ሐኪም የሚያደነዝዝ ጠብታ አድርጎ ያወጣዋል፣ ለሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የጎረቤት ጠብታም አትዋሱ። እነ ዴክሳሜታዞን፣ ማለትም የስቴሮይድ ጠብታዎች፣ ያለ ክትትል ሲቆዩ የዓይን ግፊት ይጨምራሉ።

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የእርድ ቀን ነው። በፋሲካም በአረፋም ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ ይወረወራል። «ምን አለበት፣ ይብላ!» ይባላል። እዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው የትል እጭ ውሻው አንጀት ውስጥ ገብቶ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና በእጅ፣ በጎመን፣ በውሃ ወደ ሰው ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ ጉበትና ሳንባ ላይ ይቋጥራል። አልፎ አልፎ ግን ከዓይን ጀርባ ያብጥና ዓይኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ያንን ሳንባ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ ቅበሩት፣ ወይም አቃጥሉት።

ቡችላን ያለ ትል መድኃኒት ማሳደግም ስህተት ነው። ከእናቱ ማህፀን ጀምሮ ቶክሶካራ የሚባል ትል ሊይዝ ይችላል። እንቁላሉ አፈር ውስጥ ሳምንታት ቆይቶ ነው ሰው የሚይዘው፣ እና አፈር ላይ የሚጫወት ልጅ እጁን ሳይታጠብ እንዳይበላ። እጩ የዓይንን ውስጠኛ ክፍል ይጎዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ዓይን ብቻ። ልጁ በሌላው ስለሚያይ ቤተሰብ አያውቅም። አንድ ዓይኑን እየሸፈናችሁ በሌላው ምን እንደሚያይ ጠይቁት። ከሸወረረ ወይም ብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው።