ግቢ ስትገቡ «የኔ ሰው» የምትሉትን እንዴት ታገኛላችሁ?

ሐዋሳ ፍሬሽ ሆኜ ስገባ ሻንጣዬ ሙሉ ነበር። ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፣ እናቴ ያዘጋጀችው በሶ። ሲከፋኝ የማወራው ሰው ግን አልነበረኝም። እንደሚያስፈልገኝም አላሰብኩም።

መጀመሪያ ሦስት ሰው ምረጡ። አንዱ ከዶርም፣ አንዱ ከቤት፣ አንዱ ደግሞ ግቢውን የሚያውቅ ሲኒየር ወይም መምህር። ሦስቱም ዶርሜቶች ከሆኑ ፋይናል ሲደርስ ሁላችሁም አብራችሁ ትጨነቃላችሁ። የቴሌግራም ግሩፕ አይቆጠርም፤ እሱ ለሃንድአውት ነው።

ለቤት የምትደውሉበት ቀን ይኑራችሁ። እሑድ ከምሳ በኋላ ይበቃል።

ከባዱ አፍ መክፈቱ ነው። የኛ ሰላምታ ረጅም ነው፤ መልሱ ግን ሁሌ አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። እኔ የማትስ ሚድ ከ30 ሰባት አምጥቼ አሥር ቀን ያህል ክላስ ቀረሁ። እናቴ ስትደውል ደህና ነኝ። ዶርሜቴ ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ፣ እንቅልፍ ነው። ሰው ሳላጣ ብቻዬን ሆንኩ።

ስለዚህ «እንዴት ነህ» እስክትባሉ አትጠብቁ። ራሳችሁ ጀምሩ፤ ደግሞ የሚሠራ ነገር ጠይቁ። «ጨንቆኛል» ስትሉት ሰው «አይዞህ» ብሎ ያልፋል። ክፋት አይደለም፤ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ነው። «ነገ 2 ሰዓት ቀስቅሰኝና አብረን ክላስ እንግባ» ስትሉት ግን ይመጣል። እኔን ከአልጋ ያስነሳችኝ ይቺው ጥያቄ ናት። ፊት ለፊት ማውራት ከከበዳችሁ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወክ እያደረጋችሁ አውሩ፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደልም ይሆናል፤ የዓሣ አጥንት እየለቀሙ ማልቀስን ግን አልመክርም።

«ጠንካራ ሰው ብቻውን ይወጣዋል» የሚሉትን አልሰማም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሚ ዋርነርና ባልደረቦቿ በ1955 እ.ኤ.አ. ሃዋይ፣ ካዋይ ደሴት የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋል። በድህነትና በቤተሰብ ችግር ከተፈተኑት ውስጥ ሲሶ ያህሉ ደህና ሰው ሆነው አደጉ። ብዙዎቹ ከወላጅም ባይሆን ከአያት ወይም ከመምህር፣ የሚያስብላቸው አንድ ሰው ነበራቸው።

ሐዘኑ ወይም ምንም አለመፈለጉ በየቀኑ 2 ሳምንት ከዘለቀ ጓደኛ ብቻ አይበቃም። የተማሪዎች አማካሪ ወይም ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጸበሉም ዱዓውም ጎን ለጎን ይቀጥላል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ያኑ ዕለት ነው፣ ሰው አስከትላችሁ።

ውለታውንም መልሱ። በሁለተኛው ሴሚስተር ተራው የዶርሜቴ ሆነ። እሱ ግን የጠየቀኝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቀስቅሼው ታቦር ተራራ እንድንወጣ ነው። እየተነጫነጭኩ ወጣሁ።