ለአድሚኑ ይታያል፣ ለሕዝቡ አይታይም፦ የፖርታል ጽሑፍ ሲጠፋ

ደብረ ብርሃን ሆኜ በሰሜን ሸዋ ላሉ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ፖርታል (ድረ ገጽ) እጠግናለሁ። ብዙዎቹ ላይፍሬይ በሚባል የፖርታል መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠሩ ናቸው። ጽሑፉ ለብቻው ይቀመጣል፤ ገጹ ላይ ደግሞ «ዌብ ኮንተንት ዲስፕሌይ» የሚባለው ፖርትሌት (ገጹ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ መሣሪያ) አምጥቶ ያሳየዋል። ጽሑፉ መጽደቁንና ፖርትሌቱ ላይ መመረጡን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ እኛ እናየዋለን፣ ሰው ግን አጣሁት ይላል

አብዛኛው የሚደወልልኝ በዚህ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ማስታወቂያ አወጣ። ምዝገባው ለ5 የሥራ ቀን ብቻ ነበር። የለጠፈው ልጅ በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ አየና ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። በ3ኛው ቀን አንዲት ልጅ ከመሐል ሜዳ ደወለች። «ማስታወቂያ ወጥቷል ብለውኝ ገባሁ፣ ምንም የለም» አለች። «አለ እኮ፣ እያየነው ነው» አሏት። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ምክንያቱ ፐርሚሽን (ፈቃድ) ነው። ጽሑፉ ሲፈጠር ማን ይየው የሚለው ላይ «ሳይት ሜምበርስ» (የሳይቱ አባላት ብቻ) ተመርጧል። ሎግ ኢን ያላደረገ ሰው ደግሞ ለሲስተሙ «ጌስት» ነው። ጌስት «ቪው» (የማየት ፈቃድ) ከሌለው፣ እንደ ቨርዥኑ ወይ ቦታው ባዶ ይሆናል ወይ ፈቃድ የለህም የሚል አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ይመጣል። ጽሑፎችን በዝርዝር የሚያሳየው «አሴት ፐብሊሸር» ላይ ከሆነ ጽሑፉ ከዝርዝሩ ዝም ብሎ ይቀራል።

መፍትሄው፦ ከጽሑፉ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑ፣ «ፐርሚሽንስ» ግቡ፣ በጌስት ረድፍ «ቪው» ላይ ምልክት አድርጉና ሴቭ በሉ።

እዚህ ላይ አትቁሙ። ጽሑፉ ያለበት ፎልደር ለጌስት ዝግ ከሆነ ጽሑፉም አብሮ ይዘጋል። ፎቶና ፒዲኤፍ ደግሞ «ዶኩመንትስ ኤንድ ሚዲያ» (የፋይሎች ማስቀመጫ) ውስጥ የራሳቸው ፐርሚሽን አላቸው። ጽሑፉ መጥቶ ፎቶው የተሰበረ ምልክት ብቻ ከሆነ ነገሩ እሱ ነው።

አደራ፣ ፎልደር ከመክፈታችሁ በፊት ውስጡን እዩ። አንድ ቦታ ለአንድ ፎቶ ሲባል ፎልደሩ ተከፈተ። እዚያው ውስጥ የሠራተኞች የባንክ ሒሳብ ዝርዝር ነበር። ተደብቆ የኖረው ፎልደሩ ስለተዘጋ ብቻ ነው። የሰው ምስጢር ነው፤ ሰነዱን መጀመሪያ ወደ ሌላ ቦታ አውጡት።

ከዚያ በኢንኮግኒቶ (ሎግ ኢን በማይያዝበት የብራውዘር መስኮት) ወይም በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት። ሎግ ኢን እንዳላችሁ ማየት ማረጋገጫ አይደለም። ይህንን ደጋግሜ ተናግሬ ደክሞኛል፤ ግን የሚጎዳው ቀኑ የሚያልፍበት ሥራ ፈላጊ ነው።

ምልክት፦ አዲሱ ዜና ከአሮጌዎቹ ሥር ገባ፣ ወይም በሰዓቱ አልወጣም

ዓመተ ምሕረታችን ነው። ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። «ዲስፕሌይ ዴት» (የሚወጣበት ቀን) ላይ በእኛው አቆጣጠር 2017 ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ በቀን የሚደረደረው አሴት ፐብሊሸር ዜናውን ከዓመታት በፊት እንደወጣ ይቆጥረዋል። ቀኑን አስተካክሉ፣ ወደ ላይ ይመለሳል።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት እንዲወጣ ከፈለጋችሁ 9:00 ብላችሁ ጻፉ። የሰዓት ክልሉ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ከቀረ ደግሞ ጽሑፉ ሦስት ሰዓት ሙሉ ይዘገያል፤ የናይሮቢን ምረጡ፣ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ቀን የተቆረጠለትን ጽሑፍ ሲስተሙ የሚፈትሸው በየ15 ደቂቃው ስለሆነ ትንሽ ጠብቁ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

በጽሑፉ ቦታ ረጅም የእንግሊዝኛ ስህተት ከመጣ ችግሩ ቴምፕሌቱ (የጽሑፉን አቀማመጥ የሚወስነው ንድፍ) ነው። አንድ መስክ ባዶ ሲሆን የሚወድቅ ቴምፕሌት ገንዘብ ተከፍሎበት ሲመጣ ያናድደኛል። የሠራው ሰው ባዶውን እንዲዘለው ያስተካክል፤ እስከዚያው መስኩን ሙሉት።

አማርኛው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ የተለጠፈው ዩኒኮድ (የዛሬው የፊደላት ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ ነው፤ እንደገና ይተየብ።

ስቴጂንግ (ለውጡ ከመውጣቱ በፊት የሚሠራበት ቅጂ) ካላችሁና ለውጡ ለማንም ካልታየ፣ «ፐብሊሽ ቱ ላይቭ» አልተጫነም።